የሚጮኸው ዞን እና ዝም ያለው ዞን

ዛሬ የማወራው ብዙ ሰው ስልክ ደውሎ ስለሚጠይቀኝ ነገር ነው። የቤት አላርም ኪፓድ ላይ የአንድ ዞን ቁጥር ይወጣል። በሩ ተዘግቷል፣ መስኮቱም ተዘግቷል፤ አላርሙ ግን አልበራም ይላል። ሰውዬው ሲሰለቸው ያንን ዞን ባይፓስ እያደረገ፣ ማለትም አላርሙ እንዲዘለው እያደረገ ይተኛል። አንድ ሳምንት፣ ከዚያ አንድ ወር፣ ከዚያ እስከነጭራሹ ይረሳዋል።

እዚህ ሜሪላንድ ያገለገለ ቤት የገዛ ሰው አላርሙንም አብሮ ይወርሳል። ቤዝመንት ወይም ክሎዜት ውስጥ የብረት ሳጥን አለ፤ የትኛው ሽቦ የት እንደሚሄድ የሚነግር ወረቀት ግን የለም። ሳጥኑን ስትከፍቱት ብዙውን ጊዜ የሃኒዌል ቪስታ ወይም የዲኤስሲ ፓነል ታገኛላችሁ። የኔ ምሳሌ ቪስታ 20ፒ ነው፤ ሐሳቡ ግን ለሌሎቹም ይሠራል።

ዞን ማለት ከፓነሉ ተነስቶ በሩ ላይ ወዳለው የማግኔት ስዊች ሄዶ የሚመለስ የሁለት ሽቦ መስመር ነው። መስመሩ መጨረሻ ላይ ሬዚስተር የምትባል ትንሽ ዕቃ ትታሰራለች። ቪስታ 2000 ኦም ይፈልጋል፣ ዲኤስሲ ደግሞ 5600። ፓነሉ ሌት ተቀን የሚያነበው ይህንን መጠን ነው። በሩ ሲከፈት መስመሩ ይቋረጣል፣ ሽቦዎቹ አንድ ቦታ ላይ ሲነካኩ ደግሞ መጠኑ ወደ ዜሮ ይወርዳል። በሁለቱም ጊዜ ፓነሉ የዞኑን ቁጥር ያወጣል። ሬዚስተሯን በቀለሟ ታውቋታላችሁ፤ የቪስታዋ ቀይ፣ ጥቁር፣ ቀይ መስመር አላት፣ የዲኤስሲዋ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ቀይ። ይህን የምነግራችሁ ያለ ምክንያት አይደለም። የድሮውን ዲኤስሲ አውጥቶ ቪስታ የገጠመ ሰው ሬዚስተሮቹን ሳይቀይር ከሄደ ዞኖቹ ሁሉ ተከፍተዋል እየተባለ ትቸገራላችሁ፤ ጥፋቱ ግን በሩም ላይ ሽቦውም ላይ የለም።

ምንም ነገር ከመንካታችሁ በፊት አላርማችሁን ለሚከታተለው ድርጅት ደውላችሁ «ቴስት ላይ አድርጉልኝ» በሉ። ይህን ዘልላችሁ ፖሊስ በር ላይ ቢመጣ ነገሩ በይቅርታ ብቻ አያልቅም። ሞንትጎመሪ ካውንቲ ውስጥ አላርም ያለው ቤት መመዝገብ አለበት፣ የሐሰት ጥሪ ሲደጋገም ደግሞ ክፍያው እየጨመረ ይሄዳል። ቀጥሎ ትራንስፎርመሩን ከሶኬት ንቀሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ በብሎን የታሰረ ስለሆነ ዝም ብላችሁ አትጎትቱት። ከዚያ የባትሪውን ቀይ ሽቦ አውጡ።

አሁን ችግሩን ለሁለት እንከፍለዋለን። ያስቸገራችሁን የዞን ሁለት ሽቦዎች ከፓነሉ ፍቱና በቦታቸው አዲስ የ2000 ኦም ሬዚስተር እሰሩ። ባትሪውንና ትራንስፎርመሩን መልሱ፣ ፓነሉ እስኪነሳ ጥቂት ጠብቁ። የዞኑ ቁጥር ከጠፋ ፓነሉ ጤነኛ ነው፤ ጥፋቱ ግድግዳው ውስጥ ወይም በሩ ላይ ነው። ካልጠፋ ወደ ፕሮግራሙ እንሄዳለን። ይህች ፈተና ብዙ ሰዓት ታድናለች። ብዙ ሰው ግን ማግኔት ገዝቶ ለመቀየር ነው መጀመሪያ የሚሮጠው።

ጥፋቱ ሽቦው ጋ ከሆነ መልቲሜትር ያስፈልጋል፤ ርካሹም ይበቃል። ሽቦዎቹ ከፓነሉ እንደተፈቱ ይቆዩ፣ ምክንያቱም ፓነሉ በመስመሩ ላይ ኤሌክትሪክ ስለሚልክ እንደታሰሩ ብትለኩ ንባቡ ይሳሳታል። በሩ ተዘግቶ 2000 ላይ ጥቂት ኦም ጨምሮ ካሳየ መስመሩ ደህና ነው፣ ጥቂቷ ጭማሪ የሽቦው ናት። ብዙ መቶ ከጨመረ አንድ መጋጠሚያ ዝጓል ወይም ላልቷል። ምንም የማያነብ ከሆነ መስመሩ ተቆርጧል፣ ወይም ማግኔቱ ከስዊቹ ርቋል። የእንጨት በር በክረምትና በበጋ እኩል አይቆምም፤ በሐምሌ እርጥበት ያብጣል፣ በጥር ይጠብባል። በሩን ገፋ ስታደርጉት ቁጥሩ የሚጠፋ ከሆነ ማግኔቱን ጠጋ ማድረግ ይበቃል። ብዙ መስኮት በአንድ ዞን ሲታሰር ደግሞ አንደኛው ሁሉንም ያስጠይቃል። አንድ ሰው መስኮቶቹን አንድ በአንድ እየነካካ፣ ሌላው ሜትሩን እያየ መሥራት ነው የሚሻለው።

አሁን ዋናውን ልናገር። ሜትሩ በሩ ተዘግቶ ዜሮ አካባቢ ካሳየ ሬዚስተሯ መስመሩ መጨረሻ ላይ የለችም ማለት ነው፤ ወይም መንገድ ላይ ሽቦዎቹ ተነካክተዋል። ሳጥኑ ውስጥ እዩ። ሬዚስተሯ እዚያው ከፓነሉ ጋር ተጠምዝዛ ታገኟት ይሆናል። አላርሙን የገጠመው ሰው በሩ ድረስ ላለመሄድ ያደረገው ነው፣ እኔ ይህን ስንፍና ነው የምለው። ምክንያቱም የሆነ ሰው ስዕል ሲሰቅል ምስማሩ ሽቦዎቹን ቢያገናኛቸው ፓነሉ 2000 ማንበቡን ይቀጥላል። በሩ ቢከፈት፣ ቢሰበርም፣ ዞኑ «ደህና ነኝ» ይላል። ኪፓዱ አይጮህም፣ ቁጥርም አያወጣም። ስለዚህ አስቸጋሪው ዞን ከተስተካከለ በኋላ ጸጥ ያሉትንም ፈትሹ፤ በር በበር፣ መስኮት በመስኮት ከፍታችሁ ኪፓዱ ቁጥሩን ማውጣቱን እዩ። ቁጥር የማያወጣ መስኮት ካገኛችሁ እሱ ነው መጀመሪያ የሚጠገነው።

የእንቅስቃሴ ሴንሰር ከበር ይለያል፣ አራት ሽቦ አለው። በተለመደው አሠራር ቀይና ጥቁሩ 12 ቮልት ይሰጡታል፣ አረንጓዴና ነጩ ዞኑ ናቸው። ኃይሉ ሲቋረጥ ዞኑን ይከፍተዋል። ስለዚህ ዞኑን ከመውቀሳችሁ በፊት ሴንሰሩ ጋ ቮልቱን ለኩ።

ወደ ፕሮግራሙ እንምጣ። በየቀኑ የምታስገቡት ኮድ ፕሮግራም አይከፍትም፤ አላርሙን የገጠመው ባለሙያ ኮድ ሌላ ነው። ከሌላችሁ ቪስታን አጥፍታችሁ ስታበሩት በ50 ሰከንድ ውስጥ ኮከብና ፓውንድን አንድ ላይ መጫን ይቻላል፤ ድርጅቱ በኮከብ 98 ወጥቶ ከቆለፈው ደግሞ ኮዱ ቢኖራችሁም የምትገቡት በዚሁ መንገድ ነው። ከገባችሁ ኮከብ 56 የዞኖቹን ዝርዝር ያሳያችኋል። ስትጨርሱ በኮከብ 99 ውጡ።

እዚያ ሁለት ነገር እዩ። አንደኛው የአስተሳሰሩ ዓይነት ነው፤ ዞኑ በሬዚስተር ሳይሆን በሌላ ዓይነት ከተመዘገበ ቅድም ያልኳችሁ ፈተና ያሳስታችኋል። ሁለተኛው የዞኑ ዓይነት ነው፣ ብዙ ቤት የሚረበሸውም እዚህ ነው። የምትገቡበት በር ዓይነት 1 መሆን አለበት፣ እሱ ኮድ ለማስገባት ጊዜ ይሰጣል። 3 ከተባለ በሩን እንደከፈታችሁ ይጮኻል። ሳሎን ያለው የእንቅስቃሴ ሴንሰር 4 ይሁን፤ በበሩ ስትገቡ ይታገሳል፣ ቤት ውስጥ ሆናችሁ ስቴይ ስታበሩ ደግሞ ራሱ ይወጣል። በስህተት 3 ከተደረገ ከአዲስ አበባ የመጡት እናታችን ለሌሊት ጸሎት ሲነሱ መንደሩ አብሮ ይነሳል። ጎረቤት ሲያማርር ስሰማ መጀመሪያ የምጠይቀው የዚህን ዞን ዓይነት ነው።

የጭስ ዞን ዓይነት 9 ነው፣ ባይፓስም አይሆንም። ቡና ሲፈላ ዕጣኑ የሚያስጮኸው ከሆነ ማጨሻውን ራቅ አድርጉ ወይም ባለሙያ ሴንሰሩን ወደ ሌላ ቦታ ያዛውረው። ሽቦውን ፍቱት የሚላችሁን አትስሙ። ጭስ ካስጮኸው በኋላ ደግሞ ኮድና ኦፍን አንድ ጊዜ ማስገባት ሳይረኑን ያጠፋል፣ ሴንሰሩ እንደገና እንዲነሳ ግን ሁለተኛ ጊዜ መጫን ያስፈልጋል።

አንድ የቀረች ነገር አለች። ኪፓዱ የግንኙነት ችግር ካሳየ ዞን ፍለጋ አትድከሙ። ኤቲኤንድቲ የ3ጂ መስመሩን የዘጋው በየካቲት 2022 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው፤ በዚያ መስመር የሚደውለው ሬዲዮው ያልተቀየረለት ፓነል ሳይረኑ ቢጮህም ለማንም አይደውልም። ሬዲዮው የማን እንደሆነና መቼ እንደተቀየረ ሳጥኑ ውስጥ ተለጣፊ ወረቀት ካለ ሊነግራችሁ ይችላል። አሁን የፓነሉን ፎቶ በስልካችሁ ያመጣችሁ ሰዎች ወደ ፊት ቅረቡ፣ በየተራ እናያለን።