ስለ አረጋውያን ጭፈራ
(በትምህርት ቤታችን የክብረ በዓል ዕለት የተደረገ ንግግር)



የመረጥነው ርእስ አንዳንዱን ሳያስቅ አይቀርም፤ ይኸውም ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ይጨፍሩ ዘንድ ይገባል የሚል ነው።

በአገራችን ልማድ ሽማግሌ በሰርግ ቤት በክብር ይቀመጣል፣ ይመርቃል፤ ለጭፈራ ሲነሣ ግን ልጆቹ እጁን ይዘው ያስቀምጡታል። በታይዋን ገበያም የምናየው ከዚህ አይርቅም። ከየሱቁ የሚወጣው ሙዚቃ ጆሮ ያደነቁራል፤ ዕድሜ የተጫናቸው ነጋዴዎች ግን ከበርጩማቸው አይነሡም። ከሰዓት በኋላማ ጫቱም የሚቃመው ተቀምጦ ነው።

በኒውዮርክ ከተማ፣ በብሮንክስ፣ ሐኪሞች ዕድሜያቸው ከ75 ዓመት በላይ የሆነ 469 ጤነኛ አእምሮ ያላቸውን ሰዎች ለዓመታት ተከታትለው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2003 አሳተሙ። ከአካል እንቅስቃሴዎች ሁሉ የመርሳት በሽታ አንሶ የተገኘው ከጭፈራ ጋር ብቻ ነበር። እርግጥ፣ «የሚጨፍረው ቀድሞውንም ብርቱ የሆነው ሰው እንደ ሆነስ?» የሚል ይኖራል፤ ጥያቄው ተገቢ ነው። በጀርመን አገር በማግደቡርግ የተደረገውና እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመው ጥናት ግን አረጋውያንን በሁለት ወገን ከፍሎ አንዱን የተለመደ ስፖርት፣ ሌላውን ጭፈራ ለ18 ወር አሠራ። ትዝታን የሚያኖረው የአንጎል ክፍል በሁለቱም ወገን አደገ፤ የሰውነት ሚዛን የተሻሻለው ግን በጨፋሪዎቹ ብቻ ነው። እነዚህ ጨፋሪዎች አንዱን እርምጃ ሲለምዱት ሌላ አዲስ ይሰጣቸው ነበር፤ ስለዚህ እግራቸው ሲሠራ አእምሯቸውም አላረፈም።

እንግዲህ አዲስ እርምጃ ለመማር ድሬዳዋን የሚያህል ከተማ የት ይገኛል? እስክስታ ብቻ የሚያውቅ የኦሮሞውን ሸጎዬ ይማር፤ ሸጎዬ የለመደም የሱማሌውን ዳንቶ። አስተማሪው ጎረቤት ነው፤ ክፍያም አይጠይቅም።

ለሽማግሌ ነውር ነው የሚሉን ካሉ፣ በቤተ ክርስቲያን የሚያሸበሽቡትን ሊቃውንት ያስታውሱ። ጸናጽልና መቋሚያ ይዘው፣ ዜማውን በቃላቸው እያወጡ፣ በከበሮው ልክ ይራመዳሉ። ይህን ከሰርግ ቤት ጭፈራ ጋር አናስተካክለውም፤ ነገር ግን ሽበታቸው አላገዳቸውም።

የልብ ሕመም ያለበት አስቀድሞ ሐኪሙን ይጠይቅ። የከተማችን ሙቀትም ስለሚያደክም ምሽቱ ይሻላል፤ ወለሉም የሚያዳልጥ አይሁን።

ከዚህ ንግግር በኋላ ከበሮ ይመታል። በፊተኛው መደዳ የተቀመጣችሁ አያቶቻችን ስትነሡ፣ ወንበሮቹን እኛ እንጠብቅላችኋለን።