የመከር ዘፈን ከአውድማ ሲወጣ
(ለገበሬዎችና ለልማት ሠራተኞች የተደረገ ንግግር)



እንደ ልማዴ ስለ ዘርና ስለ ማዳበሪያ የምናገር መስሏችሁ ይሆናል። ዛሬ የምነግራችሁ ግን ስለ ዘፈን ነው። ነገሩ ከእርሻ የራቀ ቢመስላችሁም እስከ መጨረሻው ታገሡኝ፤ ከጎተራችሁ ጋር የሚገናኝበት ቦታ አለው።

ይህን ርእስ ያነሣሁት አንድ አዛውንት ገበሬ ባለፈው መከር በነገሩኝ ቃል ምክንያት ነው። አዛውንቱ ቀድሞ በበሬ ሲያበራዩ ብዙ ቀን ይፈጅባቸው የነበረውን ስንዴ በኪራይ የመውቂያ መኪና በግማሽ ቀን ጨረሱት። ደስ ብሏቸው እንደ ሆነ ብጠይቃቸው፣ መኪናውን አመሰገኑና ጥቂት ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያም በደቦው ጊዜ የማን እህል እንዳነሰ፣ የማን በሬ እንደ ሞተ፣ የማን ልጅ እንደ ታመመ እዚያው አውድማው ላይ ይሰሙ እንደ ነበር፤ ዘንድሮ ግን ከማንም ጋር ሳይነጋገሩ እህላቸውን እንዳስገቡ ነገሩኝ። ዘፈንም አልነበረም አሉ።

መኪናው ይቅር የሚል ገበሬ የለም፤ እኔም አልልም። ነገር ግን ደቦ ጉልበት ብቻ አልነበረም። ደቦው ሲቀር አብሮት የሚቀረውን ነገር በምን እንተካዋለን? ይህ ጥያቄ ከእኛ በፊት በሌሎች ገበሬዎች ላይ ደርሷልና የእነርሱን ታሪክ ልንገራችሁ።

በአሜሪካ አገር ብሉግራስ የሚባል የገጠር ሙዚቃ አለ። ትርጓሜው «ሰማያዊ ሣር» ማለት ነው። ስሙ የተገኘው ኬንታኪ በተባለው ክፍለ ሀገር በብዛት ከሚበቅል የግጦሽ ሣር ነው። ሣሩ ቅጠሉ አረንጓዴ ነው፤ ሳይታጨድ አድጎ ሲያብብ ግን አናቱ ወደ ሰማያዊ ያደላል። እንግዲህ በከብት መኖ ስም የሚጠራ ሙዚቃ መሆኑን ስታውቁ፣ አባቶቹ ገበሬዎች መሆናቸውን አትጠራጠሩም።

በዚያ አገር ቀደም ባለው ዘመን የበቆሎ ደቦ ነበር። ገበሬው በቆሎውን ከነሽፋኑ ሰብስቦ ከጎተራው አጠገብ ይከምራል፤ ጎረቤቱን ሁሉ ይጠራል። ክምሩ ለሁለት ይከፈልና ሁለት ቡድን ማን ቀድሞ ሸልቅቆ እንደሚጨርስ ይወዳደራል። ቀይ ዛላ ያገኘ ጎረምሳ የወደዳትን ልጃገረድ ይስም ዘንድ ይፈቀድለት ነበርና ጎረምሶቹ በቆሎውን በትጋት ይሸለቅቁ ነበር። ሥራው ሲያልቅ እራት ይቀርባል፤ ከዚያ በኋላ ቫዮሊን ተመትቶ ይጨፈራል።

በደቡቡ ክፍል ግን እስከ 1865 ዓመተ ምሕረት (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) የባርነት ዘመን ነበረ። በዚያ የሚሸለቅቁት ከአፍሪካ የተወሰዱ ሰዎችና ልጆቻቸው ነበሩ። አንድ አውጪ ክምሩ ላይ ወጥቶ ያዜማል፤ ከታች ያሉት እየሠሩ ይቀበላሉ። ይህን የእኛ የደቦ አውጪና ተቀባይ በሚገባ ያውቁታል። ልዩነቱ ግን ከባድ ነው፤ የሚሸለቅቁት እህልም ሆነ የገዛ ሰውነታቸው በእጃቸው አልነበረም። ዘፈን ሥራን ያቀላል፤ ጌታና ባሪያን ግን አያስተካክልም። ስለዚህ ዘፈን በሰማችሁ ቁጥር እህሉ የማን ነው ብላችሁ መጠየቅን አትርሱ።

የሙዚቃው መሣሪያዎችም ከየአገሩ የተሰበሰቡ ናቸው። ባንጆ የተባለው መሣሪያ አባቶቹ በምዕራብ አፍሪካ ሰዎች እጅ በቅል ላይ ቆዳ ተወጥሮ ይሠሩ የነበሩ ናቸው። ቫዮሊኑን ከስኮትላንድና ከአየርላንድ አካባቢ የመጡ ሰፋሪዎች አመጡት፤ እንደ ማሲንቆ በጭራ ደጋን ይመታል፤ አውታሩ ግን አራት ነው። ማንዶሊኑ ከኢጣሊያ ነው። ጊታርና ወፍራም ድምፅ የሚሰጠው ትልቁ ባስ ይጨመሩበታል። ከበሮ ግን በልማድ የለበትም።

እነዚህን አስተባብሮ ብሉግራስ ያሰኛቸው ቢል ሞንሮ የሚባል የገበሬ ልጅ ነው። በ1911 ሮዚን በምትባል የኬንታኪ መንደር ተወለደ። ከስምንት ልጆች የመጨረሻው ነበርና ታላላቆቹ ቫዮሊኑንና ጊታሩን ስለ ያዙ ለእርሱ የቀረለት ማንዶሊን ነው። የእናቱ ወንድም በየጭፈራው ቫዮሊን የሚመታ ሰው ነበር፤ ልጁም አጎቱን እየተከተለ ተማረ። አርኖልድ ሹልትዝ ከሚባል ጥቁር ሙዚቀኛም ብዙ አገኘ። በ1939 «የብሉግራስ ልጆች» የተባለውን ጓዱን ይዞ በናሽቪል ከተማ በታወቀው የሬዲዮ ዝግጅት ላይ ቀረበ። በ1945 መጨረሻ ደግሞ ኧርል ስክራግስ የሚባል የሰሜን ካሮላይና የገበሬ ልጅ ባንጆን በሦስት ጣት እያፈጠነ በመምታት ከጓዱ ጋር ተቀላቀለ።

ልብ በሉ፤ ይህ ሙዚቃ ስሙን ያገኘውና የሠመረው የበቆሎ ደቦው በሚጠፋበት ዘመን ነው። በቆሎ የሚሰበስብና የሚሸለቅቅ መኪና በዚያው ዘመን እየተስፋፋ ሄደ። ጎረቤት መጥራት አላስፈለገም። ወጣቱም ወደ ፋብሪካ ሄደ፤ ስክራግስም ራሱ በጦርነቱ ዘመን በፈትል ፋብሪካ ሠርቷል። ዘፈኑ ከክምሩ ላይ ወርዶ ሌላ ማደሪያ መፈለግ ግድ ሆነበት።

የገጠሩ ሰው ምን አደረገ? ዘፈኑን የራሱ ቀን ሰጠው። በቨርጂኒያ ክፍለ ሀገር ጋላክስ በምትባል ከተማ በ1935 የቫዮሊን መቺዎች ጉባኤ ተጀመረ። በዚያው ክፍለ ሀገር ፊንካስል በሚባል ስፍራ በ1965 ብዙ ቀን የፈጀ የመጀመሪያው የብሉግራስ በዓል በአንድ የፈረስ እርሻ ላይ ተደረገ። በየወረዳው በሚደረጉ የመከር በዓላትም ሙዚቀኞቹ በጋሪ ወይም በገለባ እስር በተሠራ መድረክ ላይ ይጫወታሉ፤ ከመድረኩ ወዲያ ከብት ይመዘናል፤ ዱባና በቆሎ ለውድድር ይቀርባል።

ከዚህ ልማድ ሁለት ነገር እንድትወስዱ እወዳለሁ። የመጀመሪያው የአጨዋወታቸው ሥርዓት ነው። በጥንቱ ልማድ አምስቱም ሰዎች በአንድ ማይክሮፎን ዙሪያ ይቆማሉ። ተራው የደረሰው ወደ ፊት ቀርቦ ይመታል፤ የቀሩት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይደግፉታል፤ ሲጨርስ ለሚቀጥለው ቦታ ይለቅቃል። ይህ የወንፈል ሥርዓት ነው፤ ዛሬ የአንተ ማሳ፣ ነገ የእኔ።

ሁለተኛው ደግሞ ሰሚው ዘፋኝ መሆኑ ነው። በእነዚህ በዓላት ላይ ብዙው ሰው መሣሪያውን ይዞ ይመጣል፤ በድንኳኑና በመኪናው አጠገብ ከማያውቀው ሰው ጋር ተቀምጦ ይጫወታል። መድረኩ ቢፈርስ እንኳ በዓሉ አይቀርም።

አሁን ወደ እኛ እንመለስ። በአርሲና በባሌ የስንዴ ማጨጃ መኪና ከገባ ቆይቷል፤ አነስተኛ የመውቂያና የመፈልፈያ መኪናም በሌላው ቦታ እየገባ ነው። እንግዲህ የሚከተለውን እመክራለሁ፤

1ኛ/ ከመከር በኋላ ለመንደራችሁ አንድ ቀን ወስኑ። ቀኑ እህሉ ተወቅቶ ከገባ በኋላ ይሁን። ክምር በሜዳ ትቶ መጨፈር ለዝናብ፣ ለምስጥና ለአይጥ መደገስ ነው።

2ኛ/ የድግሱን እህል በቁና ስፈሩ። በፊት ዘር፣ ቀጥሎ እስከሚመጣው መከር የሚበቃ ቀለብ፣ ሦስተኛ ዕዳ ይለይ፤ ጠላው ከተረፈው ይጠመቅ። በዘር እህል የተጠመቀ ጠላ በሰኔ ያስለቅሳል።

3ኛ/ አዝማሪውን አስቀድማችሁ በስምምነት ዋጋ ጥሩት፤ ሙያ ነውና ይከበር። ነገር ግን ሁሉን ለእርሱ አትተዉ። የደቦ ዘፈን የሚያውቁ ሽማግሌዎችና እናቶች ያውጡ፤ ወጣቱ ይቀበል። ስልክ ያላቸው ልጆች ድምፁን ይቅዱት።

4ኛ/ በዘፈን መካከል አንድ ጠቃሚ ነገር አሳዩ። ለምሳሌ ንጹሕና ደረቅ ጠርሙስ አምጡ፤ ሲሶውን የተፈለፈለ በቆሎ ሙሉት፤ ሁለት ሦስት ማንኪያ ደረቅ ጨው ጨምራችሁ በደንብ ነቅንቁትና ለሩብ ሰዓት አስቀምጡት። ጨው በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ የበቆሎው እርጥበት ከመቶ 15 በላይ ነው፤ ገና ይሰጣ። ካልተለጠፈ ከዚያ በታች ነው። ለብዙ ወር በጆንያ ለሚቀመጥ ግን እስከ 13 ድረስ መድረቅ አለበት፤ አለዚያ ሻጋታና ነቀዝ ይቀድማችኋል።

5ኛ/ ጎረቤት ከጎረቤት የሚጠያየቅበት ጊዜ ይኑር። ማን ምን አነሰው፣ ማን ምን ተረፈው የሚለው በዚያ ይሰማ። አዛውንቱ የናፈቃቸው ይህ ነው።

ለልማት ሠራተኞች የራሴን ጥፋት ልናገር። አንድ ዓመት የገበሬ ቀን አዘጋጅቼ በቀትር ፀሐይ ሁለት ሰዓት ያህል ተናገርሁ። ሰዎቹ በአክብሮት ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙኝ። በኋላ አንዲት እናት ከተናገርሁት ምን እንደ ያዙ ብጠይቃቸው፣ ልጄ ሆይ ደክመሃል፣ ውሃ ጠጣ አሉኝ። በሚቀጥለው ዓመት በማሲንቆ አስጀመርሁ፤ ንግግሬንም በሦስት አጫጭር ክፍል ቈረጥሁት። ያን ጊዜ እኒያው እናት ስለ ነቀዝ አራት ጥያቄ ጠየቁኝ፤ ሁለቱን ለመመለስ ወደ መጽሐፌ መሄድ ነበረብኝ።

ወገኖቼ፤ መኪናው ጉልበታችንን አትርፎልናል። የተረፈውን ቀን ግን ለማን እንደምንሰጠው የምንወስነው እኛ ነን። ለሚመጣው መከር አንዱን ቀን ለጎረቤታችሁ ስጡት፤ ማሲንቆውም ይምጣ።

መልካም መከር ያድርግላችሁ።