የአባት ሐረግ በእስያ ሜዳ



ከ5000 ዓመት በፊት ከጥቁር ባሕር በስተሰሜን የተነሡ ከብት አርቢዎች እስከ አልታይ ተራራ በተጓዙበት በመካከለኛው እስያ የሣር ሜዳ፣ የካዛክ ተወላጅ ሰባት አባቶቹን በስም ሊያውቅ ይገባዋል፤ በዚያ ቁጥር ውስጥ ያሉ ዘመዶችም አይጋቡም። ይህ ልማድ ሰባት ቤት ለሚቆጥረው ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለም።

ሊቃውንት ግን የሚቆጥሩት በስም ሳይሆን፣ ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ብቻ በሚተላለፈው፣ ዋይ ክሮሞዞም በተባለው የዘር ምልክት ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2003 በወጣ ጥናት፣ ከፓስፊክ ውቅያኖስ እስከ ካስፒያን ባሕር በተዘረጋው ምድር ከመቶው ወንድ 8 ያህሉ ከአንድ አባት የወረደ መሆኑን ገልጠው፣ ሐረጉን ለጄንጊስ ካን ቤት ሰጡት። ወሬው በዓለም ተናኘ። ዳሩ ግን በ1227 የሞተው የጄንጊስ መቃብር እስካሁን ስላልተገኘ፣ ዐፅሙን መርምሮ ማረጋገጥ አልተቻለም። በ2018 የወጣ ሌላ ጥናትም የሐረጉን መነሻ ከእርሱ ዘመን እጅግ አርቆ፣ ለተራ ሞንጎላውያን መልሶታል።

ደግሞስ ሰባት ትውልድ ወደ ኋላ ለሚቆጥር ሰው በሰባተኛው ላይ 128 ወላጆች ይቆሙለታል። የአባት ምልክት የሚናገረው ስለ አንዱ ብቻ ነው፤ ስለ ቀሩት 127፣ ይልቁንም ስለ 64ቱ እናቶች፣ አንዲት ቃል አይተነፍስም።