ለማይገዛውስ ማን ይሥራለት?

አድማጮቼ፣ ሰሞኑን ከምትልኩልን መልእክት አብዛኛው ያው አንድ ጥያቄ ነው፦ «የኮንዶሚኒየም ዕጣ መቼ ይወጣል?» በ1997 ዓ.ም. የተመዘገባችሁ፣ መሰልቸታችሁ ይገባኛል። ዛሬ ግን ትንሽ ልቆጣችሁ ነው፤ አትቀየሙኝ። ስለ ዕጣ ብቻ እየጠየቅን እስከ መቼ?

ኮንዶሚኒየም እኮ የሚሸጥ ቤት ነው። በ20/80 ዕጣ የደረሰው ሰው 20 በመቶውን ቆጥቦ ይከፍላል፤ ቀሪው የባንክ ዕዳ ነው። ወርኃዊው ክፍያ ሲከብደው ምን ያደርጋል? ለአምስት ዓመት መሸጥ አይፈቀድለትም፤ ማከራየት ግን ይችላል። ስለዚህ ያከራየውና እሱ ርካሽ ክፍል ፍለጋ ይወጣል። ተከራዩም በገበያው ዋጋ፣ ለደላላ ከፍሎ ይገባል። አቅም ለሌለው ተብሎ የተሠራው ቤት እንዲህ ሆኖ ገበያ ይገባል።

አዲስ አበባ ውስጥ ለድሃ በርካሽ የሚከራይ ቤት ካለ የቀበሌ ቤት ነው። በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤት ሲወረስ፣ ወር ኪራዩ ከ100 ብር በታች የነበረው ለቀበሌ ተሰጠ፤ ኪራዩም ተቀነሰ። ቀበሌ ቤትን ማወደሴ አይደለም። ጣሪያው ያፈሳል፣ ሽንት ቤቱ የጋራ ነው፤ የሚሰበሰበው ኪራይ ቆርቆሮ እንኳ አይቀይርም። ግን ጉሊት የምትውለውን እናት መሀል ከተማ፣ ከሥራዋ አጠገብ ያኖራት እሱ ነው። መልሶ ማልማት በመጣ ቁጥር ያ ቤት ይፈርሳል፤ በቦታው ብዙ ጊዜ የሚከራይ ቤት አይተካም።

በሌላ ቃል ልድገመው፦ መግዛት የማይችል ሰው የሚያስፈልገው ቁልፍ እንጂ ካርታ አይደለም።

ሰዓቴ አለቀ፤ ልፍጠን። የ2016ቱ የኪራይ አዋጅ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድመ ክፍያ ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ይላል። ውላችሁን ጽፋችሁ አስመዝግቡ፤ አከራይ ፈርታችሁ ዝም አትበሉ! ያም ሆኖ አዋጅ የኪራይ ጭማሪን ይገታል እንጂ አንዲት ክፍል አይሠራም።

እንግዲህ የከተማው ኃላፊዎች ስልክ ሲከፍቱላችሁ ሁለት ነገር ጠይቁልኝ። ከሚሠራው ቤት ስንቱ ሳይሸጥ በነዋሪው ገቢ ልክ ይከራያል? የጥገናውን ወጪስ ማን ይሸፍናል? ሁለተኛውን እንዳትረሱ፤ ጥገና ያልታሰበለት ቤት ነገ ያው የሚያፈስ የቀበሌ ቤት ነው።

ዜና ደረሰ። ደህና ሁኑልኝ።