ሰንበሌጥን ከሥሩ ስለ ማወቅ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ልንነግራችሁ የፈቀድነው ስለ ሰንበሌጥ ነው። እናንተ ወላጆቻችን ጎጆ ሲከደንበት አይታችኋል፤ እኛ ግን በቆርቆሮ ቤት ያደግን በመሆናችን ስሙን እንጂ ሣሩን አናውቀውም ነበር። ስለዚህ መስክ በወጣንበት በመጀመሪያው ቀን ረዥሙ ሣር ሁሉ ሰንበሌጥ እየመሰለን ሌላ ሌላውን ሰብስበን ተመለስን።

ሰንበሌጥን ለመለየት ከታች መጀመር ይገባል። የአንድ ክረምት ሣር ሲስቡት በቀላሉ ይነቀላል። ሰንበሌጥ ግን ከዓመት ዓመት የሚኖር ስለ ሆነ እምቢ ይላል፤ በግርጌውም የአምናው ደረቅ አገዳ ከዘንድሮው ቡቃያ ጋር በአንድ ጉቶ ተጣብቆ ይገኛል። አገዳው ድቡልቡልና ባለ አንጓ ነው፤ የቄጤማ አገዳ ግን ባለ ሦስት ማዕዘን ነው። የፍሬው ዘለላ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ሲወጣ ከየጥንዱ ሥር አንዲት ጠባብ ቅጠል ትታያለች። የዕፀዋት ሊቃውንት ሂፓሬኒያ ሩፋ የሚሉት ዓይነት ፍሬው ቀላ ያለ ጠጉር አለው፤ «ሩፋ» በላቲን ቀይ ማለት ነውና።

ከጣርማበር ወርደን ሸዋ ሮቢት ስንደርስ ከባሕር ወለል በላይ 1,280 ሜትር ገደማ ላይ እንገኛለን። በዚህ ሞቃት የይፋት ቆላ ሰንበሌጥ በክረምት ውሃ የሚቋጥረውን ዋልካና በግራሮች መካከል ያለውን ገላጣ ይወዳል። ምን ይሆናል፣ ይህንኑ መሬት ማሽላም ይወደዋል! ስለዚህ እኛ ያገኘነው ማረሻ በማይደርስበት የእርሻ ድንበርና በመንገድ ዳር ነው።

በግጦሹ ላይ ነገሩ ይከፋል። ለጋው ሰንበሌጥ ለከብት የሚጣፍጥ ስለ ሆነ ያለ ዕረፍት ይጋጣል፤ ጉቶውም ሲደክም ቅንጨ አረም ቦታውን ይወርሳል። ይህን አረም የበላች ላም ወተቷ ይመራል። ቅንጨ አረም የመጣው ከአሜሪካ ነው። ሰንበሌጥ ደግሞ ከአፍሪካ ወደዚያው ተሻግሮ በብራዚል «ዣራጓ» ተብሎ ከብት ሲቀለብበት ኖሯል። እንግዲህ በዚህ ልውውጥ ማን እንደ ተጎዳ እናንተው ፍረዱ።

እነሆ፣ በጠረጴዛው ላይ ከነጉቶው አምጥተነዋል። በፍሬው ጫፍ ያለውን የተጠማዘዘ ጺም ተመልከቱ። እርጥበት ሲነካው ይዞራል፤ ፍሬውም ራሱን ወደ አፈር የሚቀብረው በዚሁ ነው። አንድ ጠብታ ውሃ አኑሩበትና ሲሽከረከር እዩት።