ሳሙናው ለእጅ፣ አመዱ ለዕቃ
(በነሐሴው የአባላት ስብሰባ ላይ በማኅበሩ ፀሐፊ የተነገረ፤ መምጣት ላልቻሉ አባላት በሰሌዳው ላይ የተለጠፈ)



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ሳሙና ነው። ለሳሙና ደግሞ ስብሰባ ይጠራል ወይ የሚል እንደማይጠፋ እናውቃለን። ነገር ግን ወሩ ነሐሴ ነው። በፎገራ ሜዳ ነሐሴ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ይሆናል። ሩዙ ገና ውኃ ውስጥ ቆሟል፤ የጎተራው ታች ታይቷል፤ ርብና ጉማራ ሞልተዋል፤ የልጆች ደብተርና ዩኒፎርም ደግሞ ከፊታችን ተደቅኗል። በዚህ ሰዓት ከቤት ወጪ መጀመሪያ የሚቀነሰው ምንድን ነው ብንባል፣ ሳሙና ነው። ዘይት ያለቀ ዕለት ቤቱ ሁሉ ይንጫጫል፤ ሳሙና ሲያልቅ ግን ማንም አይናገርም።

እኛ የኮሚቴው አባላት ለመዋጮ በየቤቱ ስንዞር የታዘብነው ይህንኑ ነው። መጸዳጃ ቤቱ ደጃፍ ተቀምጦ የነበረው ቁራጭ ሳሙና ከቦታው ተነሥቶ ለልብስና ለዕቃ ውሏል። ልጁ ከመጸዳጃ ሲወጣ እጁን ውኃ አስነክቶ ወደ እንጀራው ይሄዳል። እናትዮዋ ቆጣቢ ናት፣ አንወቅሳትም። ነገር ግን ቁጠባው ቦታውን ስቷል። ሳሙና የማያስፈልገው ቦታ ሞልቶ ሳለ ከሚያስፈልገው ቦታ ተወሰደ። ስለዚህ የዛሬው ነገራችን ባጭሩ፣ አያቶቻችን ያለ ሳሙና ያጸዱት የነበረውን ዛሬም ያለ ሳሙና እናጽዳና የተረፈውን ሳሙና ለእጅና ለገላ እንመልሰው ነው።

ይህን የምንለው ያለ ምክንያት አይደለም። የዓይን ማዝ፣ ሐኪሞች ትራኮማ የሚሉት፣ በአገራችን እጅግ የበረታው በአማራ ክልል ነው፤ ደቡብ ጎንደርም ከተጠቁት አንዱ ነው። በሽታው ከልጅ ወደ ልጅ በእጅ፣ በፊት መጥረጊያ ጨርቅና በዝንብ ይተላለፋል፤ ሲደጋገም የዓይን ቆብ ወደ ውስጥ ይታጠፍና ሽፋሽፍቱ ዓይንን እየፋቀ ያሳውራል። መድኃኒት በዘመቻ ሲታደል ሁላችንም ውጠናል። ሐኪሞቹ ግን ከኪኒኑ ጋር የልጅን ፊት ማጠብን አብረው ይነግሩናል። ለፊት አንድ ጣሳ ውኃ ይበቃል። እጅ ግን ሳሙና ይፈልጋል፤ ከመጸዳጃ መልስ፣ ሕፃን ከጠረጉ በኋላ፣ ከማቡካትና ከመብላት በፊት። ሳሙና ጨርሶ በጠፋ ዕለት ንጹሕ አመድ ነስንሶ እጅን ማሸት ከባዶ ውኃ ይሻላል። ይህ ግን የችግር ጊዜ ነው እንጂ ልማድ አይደረግም።

እንግዲህ ወደ አመዱ እንምጣ። የእንጨት አመድ ቅባት የሚቆርጠው በውስጡ ባለው ጨው መሰል ነገር ነው፤ ውኃ ሲነካው ይሟሟና ዘይትን ይይዛል። ጠንካራ እንጨት፣ እንደ ወይራና እንደ ግራር ያለው፣ የተሻለ አመድ ይሰጣል። ፕላስቲክና ፌስታል የተቃጠለበት ምድጃ አመድ ግን ለዕቃ አይሆንም። ጥሩውን አመድ ነፍታችሁ አንድ ጣሳውን በአራት ጣሳ ውኃ በጥብጣችሁ አሳድሩት። ጠዋት ሳይናወጥ ላይ ላዩን በጨርቅ አጥልሉት። በጣታችሁ ስታሹት የሚያሟልጭ ከሆነ ደርሷል ማለት ነው። በዚህ ውኃ የዘይት ሳህን፣ የሸክላ ድስት፣ ጠረጴዛ፣ የጆንያ ጨርቅ ይታጠባል። እጅ ከለበለበ ውኃ ጨምሩበት፤ ወደ ዓይን እንዳይረጭ ተጠንቀቁ። ቀለም ያለውን ልብስ ያደበዝዛል። አሉሚኒየም ብረት ድስት ውስጥ ደግሞ አታሳድሩት፤ ብረቱን ይበላዋል። ብዙ ሰው ድስቱ ሲጠቁርና ሲጎደጉድ የፋብሪካ ጥፋት ይመስለዋል፤ አንዳንዴ ጥፋቱ የአመዱ ውኃ ነው።

የእኛ አገር የተለየ ሀብት ደግሞ የሩዝ ገለፈት ነው። ወረታ ያሉት የሩዝ ወፍጮ ቤቶች ጓሮ ቁልሉን ያላየ የለም። ይህ ገለፈት ሲቃጠል የሚተወው አመድ አብዛኛው ሲሊካ ነው፤ ማለት አሸዋና መስተዋት ከሚሠራበት ዓይነት ነገር። ስለዚህ ቅባት ለመቁረጥ እንደ እንጨት አመድ አይሆንም፤ ለመፈግፈግ ግን ወደር የለውም። ጥቀርሻ የያዘ የድስት ቂጥ፣ የዛገ ማጭድና ቢላዋ፣ የሲሚንቶ ወለል በእርጥብ ጨርቅ ይዛችሁ ብታሹት ይለቃል። ብርጭቆና የሚያብለጨልጭ ሳህን ላይ አይሞከርም፤ ይጭረዋል። ስታነሡትም ሆነ ስትነፉት አስቀድማችሁ ውኃ እፍ በሉበት፤ ደረቅ ብናኙ ለሳንባ ጠንቅ ነው። ልጅ ወደዚያ እንዳይልክ፣ የምንለው ለአባቶችም ጭምር ነው።

ሌላውን እናቶች ከእኛ በላይ ያውቁታል። የጠላ ጋን በግራዋ ቅጠል ይታጠባል፣ በወይራ ይታጠናል፤ ሳሙና ከነካው ጠላው ይቀየራል። የወተቱም ዕቃ እንዲሁ። የሻይ ማንቆርቆሪያ ውስጡ ነጭ ድንጋይ ሲያወጣ ተጨምቆ የተረፈ የሎሚ ልጣጭ ከውኃ ጋር አፍልቶ ማሳደር ይበቃዋል። መስኮት በአሮጌ ጋዜጣና በጥቂት ኮምጣጤ ይጠራል። ለዚህ ሁሉ ገንዘብ አውጥተን በጠርሙስ መግዛት ከጀመርን ቅርብ ጊዜ ነው።

እንዶድን ግን ረዘም አድርገን እናንሣው፤ ምክንያቱም ተረስቷል። ነጭ ነጠላና ጋቢ በእንዶድ ሲታጠብ እንዴት እንደሚነጣ ሽማግሌዎቻችን ያስታውሳሉ። ፍሬው ሳይቀላ፣ አረንጓዴ ሳለ ተለቅሞ በጥላ ይደርቃል፤ ከዚያ ተወቅጦ ለብ ባለ ውኃ ይዘፈዘፋል፤ አረፋው እንደ ኦሞ ይነሣል። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አየ። እነዚህ ቀንድ አውጣዎች የቢልሃርዚያን በሽታ የሚያስተላልፉት ናቸው። ብዙ ዓመት አጥንቶ፣ ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር በ1989 አማራጭ ኖቤል የሚባለውን ሽልማት በስዊድን ተቀበለ። በአሜሪካን አገር በቶሌዶ የሚገኝ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ቧንቧ የሚዘጋ ዛጎልን በእንዶድ ለማጥፋት የፈጠራ መብት አስመዝግቧል። እኛ ከአጥር ነቅለን የምንጥለውን ማለት ነው።

ነገር ግን ቀንድ አውጣን የገደለ ዓሣንም ይገድላል። በጣና ዙሪያ ቢልሃርዚያ እንዳለ እናውቃለን፤ ስለዚህ እንዶድ ወንዝ ውስጥ ብንደፋ ይጠቅማል የሚል ሰው በስብሰባችን ተነሥቶ ነበር። አይሆንም። የጣና ዓሣ በክረምት እንቁላሉን ለመጣል ወደ ርብና ወደ ጉማራ ይወጣል፤ ከብቶቻችንም ከዚያው ይጠጣሉ። እጥበቱ በሳፋ ይሁን፣ እጣቢው ከጉድጓድ ውኃ ርቆ መሬት ላይ ይፍሰስ። እንዶድን ለሆድ መድኃኒት፣ በተለይም ለጽንስ ማስወረጃ ብሎ መጠጣት ነፍስ ያጠፋል። ይህን በግልጽ የምንናገረው በስውር የሚደረግ ነገር ስለሆነ ነው። የተቸገረች ልጅ ካለች ወደ ጤና ጣቢያ እንውሰዳት፣ አንሳደብ።

አሁን ደግሞ ስለ በረኪና። በረኪና ርካሽ ነው፣ ሥራውንም ይሠራል፤ የጎርፍ ውኃ የገባበትን ወለል ለማጠብ እኛም እንመክራለን። ቀጥኖ፣ በር ተከፍቶ፣ ለብቻው። ለብቻው የሚለውን ቃል ያዙልን። ሎሚ ያጸዳል፣ በረኪናም ያጸዳል፣ ሁለቱ ቢደባለቁ ደግሞ ይበልጥ ያጸዳሉ ብሎ ማሰብ ቀላል ነው፤ የሚወጣው ግን ክሎሪን የሚባል መርዝ ጋዝ ነው፤ ሳንባ ያቃጥላል፣ በጠባብ ቤት ውስጥ ይገድላል። ኮምጣጤም ያው ነው። ሽንት ያለበት ፖፖ ላይ በረኪና መድፋትም ሌላ መርዝ ጋዝ ያወጣል፤ መጀመሪያ ደፍቶ በውኃ ማለቅለቅ ነው። ከሁሉ የከፋው በሃይላንድ ጠርሙስ ቀድቶ ማስቀመጥ ነው። ልጅ ውኃ መስሎት ይጎነጨዋል። እግዚአብሔር አያድርገውና ቢደርስ፣ አታስመልሱት፤ ሲወርድ ያቃጠለው ሲወጣ ደግሞ ያቃጥላል። አፉን በውኃ አጥባችሁ ከነጠርሙሱ ወደ ጤና ጣቢያ ሩጡ።

ወጣቶቻችን ሳሙና ራሳችን እንሥራ ብለው ስለ ጠየቁን፣ መልሳችን እሺ ነው፣ ግን በየቤቱ አይደለም። በመስቀል ቅርጫ ስንገባ ሞራው ለውሻ ሲጣል እናያለን። አንድ ኪሎ የቀለጠና የተጣራ ሞራ ከ130 ግራም ኮስቲክ ሶዳና ከ350 ግራም ውኃ ጋር ለልብስና ለዕቃ የሚሆን ጥሩ ሳሙና ያወጣል። ሶዳው ወደ ውኃው ይጨመራል፤ ውኃው ወደ ሶዳው ከተጨመረ ፈልቶ ፊት ላይ ይተፋል። የአሉሚኒየም ዕቃ አይነካውም፤ ጠንካራ የፕላስቲክ ባልዲ ወይም ያልተላጠ የኢናሜል ዕቃ ይሁን። ውኃው ለብ ሲል ወደ ለብ ያለው ሞራ እየተንቆረቆረ እንደ አጥሚት እስኪወፍር ይማሰላል፣ በካርቶን ይፈስሳል፣ በማግሥቱ ይቆረጣል፣ ከዚያ አራት ሳምንት በነፋስ ይደርቃል። ሳይደርቅ የቸኮለ እጁን ይልጠዋል። ግራሙም በግምት አይሆንም፤ ሚዛን ያስፈልጋል። ኮስቲክ ሶዳ ዓይን የሚያጠፋ ነገር ነውና ልጅ ባለበት ቤት ማደር የለበትም። ስለዚህ አንድ ቦታ፣ በማኅበሩ ግቢ፣ ከቤት ውጪ ይሠራል።

ከመቀመጣችን በፊት አንድ ነገር ልንሸሽገው አይገባም። በአመድና በእንዶድ የሚድነው ገንዘብ ጥቂት ነው። በቀን 10 ብር ቢተርፈን በዓመት 3,650 ብር ነው፤ ለደብተር ይበቃል፣ ዕዳ ግን አይከፍልም። የቤታችን ትልቁ ቀዳዳ ሌላ ነው። ሩዙን በታኅሣሥና በጥር ዋጋው በወደቀበት ጊዜ ለተዝካር፣ ለሠርግ ብለን አራግፈን እንሸጥና፣ በሐምሌ ያንኑ እህል በውድ እንገዛለን። እናቶች ጤፉን ከሩዝ ቀላቅለው እየጋገሩ ስንት ዘመን ቤት ይዘዋል፤ እኛ ወንዶቹ በአንድ ድግስ እናፈስሰዋለን። የሳሙና ቁጠባ ለሴቶች ብቻ የተሰጠ ትምህርት እንዳይመስል ብለን ነው ይህን እዚህ ያነሣነው። የእህል ማቆያው ነገር በኅዳር ስብሰባ ለብቻው ይያዛል፣ አባቶች እንዳትቀሩ።

በአመድ ማጠብ ያሳፍራል ያላችሁም አላችሁ። እንግዳ ሲመጣ አመዱን ደብቆ ባዶውን የላርጎ ዕቃ ፊት ለፊት የሚያስቀምጥ ቤት እንዳለ እናውቃለን፤ ስም አንጠራም፣ ቤቱ ንጹሕ መሆኑን ግን አይተናል።

እንግዲህ በስብሰባው የተስማማንባቸው እነዚህ ናቸው። ከማኅበሩ ገንዘብ የእጅ ሳሙና በካርቶን ተገዝቶ በገባበት ዋጋ ለአባላት ይከፋፈላል፤ የሌለው አባል ሩዙ ሲገባ ይከፍላል፤ መዝገቡ በገንዘብ ያዡ እጅ ነው። የእንዶድ ቅርንጫፍ ያለው አባል ክረምቱ ሳይወጣ በማኅበሩ አጥር ዳር እንዲተከል ያምጣልን። ለመስቀል ቅርጫ የምትገቡ ሞራውን አቅልጣችሁ፣ አጥልላችሁ፣ ክዳን ባለው ዕቃ እስከ መስከረም 20 ለፀሐፊው አስረክቡ፤ ስማችሁና ኪሎው ይመዘገባል፣ ሳሙናውም በዚያው ልክ ይመለስላችኋል። ለማማሰሉ ሥራ አራት ሰው እንፈልጋለን፤ የጎማ ጓንትና የዓይን መከለያ የሌለው ሰው ባልዲው አጠገብ አይቆምም።