የአጭር ጊዜ ሚሲዮናውያን በካምቦዲያ የሕፃናት ማሳደጊያዎች

ከአሜሪካ፣ ከአውስትራሊያና ከደቡብ ኮሪያ አብያተ ክርስቲያናት የሚነሡ የበጎ ፈቃድ ቡድኖች በካምቦዲያ የሕፃናት ማሳደጊያዎች አንድ ሁለት ሳምንት ያገለግላሉ። ግድግዳ ይቀባሉ፣ እንግሊዝኛ ያስተምራሉ፣ መዝሙር ያስጠናሉ። ወጪያቸውን ብዙ ጊዜ ምእመናን ያዋጣሉ።

ቅንነታቸው አያጠራጥርም፤ ችግሩ ይዘውት የሚመጡት ገንዘብ የሚያስከትለው ነው። እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2010 የማሳደጊያዎቹ ቁጥር በ75 በመቶ ገደማ ጨምሯል። በውስጣቸው ከሚኖሩት ልጆች አብዛኞቹ ግን ቢያንስ አንድ ወላጅ በሕይወት አላቸው። ድኻ ወላጆች «ልጃችሁ ይማራል፣ ጠግቦ ያድራል» ሲባሉ አሳልፈው ይሰጣሉ፤ ከእንግዳ እጅ መቀበል የለመደ አስተዳዳሪም አልጋው ባዶ እንዲሆን አይፈልግም። ለማያውቀው ሰው ሁሉ እየሮጠ የሚጠመጠም ሕፃን እንግዶቹን ደስ ያሰኛል፤ የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ግን ይህን አሳዳጊ የተፈራረቀበት ልጅ ምልክት አድርገው ያዩታል።

አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ2018 ልጆችን ለትርፍ ሲባል ወደ ማሳደጊያ ማስገባትን ከዘመናዊ ባርነት ቈጥራዋለች። አንዳንድ አብያተ ክርስቲያናትም የጉዞውን ገንዘብ ልጆችን ወደ ቤተሰባቸው ለሚመልሱ የአገሬው ማኅበራዊ ሠራተኞች ማዋል ጀምረዋል።